አለች የምትል ሰው

እኔ ቁጭ ብዬ ነገር መጠበቅ አልችልበትም። እናቴ «እሾህ ላይ ያስቀመጡሽ ይመስል ምን ያቁነጠንጥሻል?» ትለኝ ነበር፤ ፀጉሬ ሸብቶም አልለቀቀኝም። የታክሲ ሰልፍ ከረዘመ ከአዲሱ ገበያ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የምነካው። ሻይ እስኪፈላ ሌላ ሥራ እጀምራለሁ፣ እሱን ትቼ ሌላ እይዛለሁ፣ በመሃል ሻዩ ይገነፍላል። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ሐኪሙ ሐሙስ ዕለት «የምርመራው ውጤት ሰኞ ይደርሳል፤ ሰው ይዘው ይምጡ» ያላት። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያለውን ጊዜ የት አባቴ ልክተተው?

ደግሞስ «ሰው ይዘው ይምጡ» ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ደግ ወሬ ከሆነ ለራስህ ይነግሩሃል። ሰው የሚፈለገው ክፉ ሲሆን ነው። ለያዝከው ሰው ጥግ ወስደው ቀስ ብለው ይነግሩታል፤ እሱ ደግሞ ወይ በዘዴ ያወጣዋል፣ ወይ ሆዱ ውስጥ ቀብሮት ፊትህ ላይ ይስቃል። በሸቅሁ። «እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?» አልኩት ሐኪሙን። ልጅ ነው፣ ልወልደው እችላለሁ። «ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው፣ ማዘር» አለኝ። ማዘር ማለቱ ጭራሽ አናደደኝ። በሩን ከሚገባው በላይ አጠንክሬ ዘጋሁት፤ ዘግቼው ስወጣ ቦርሳዬን ውስጥ ረስቼ ኖሮ ተመልሼ አንኳኳሁ።

ነገሩ እጄ ነው። ቀኝ እጄ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከርሟል፤ መጀመሪያ አውራ ጣቴ ብቻ ነበር፣ ኋላ ሙሉ እጄን ያዘ። ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ እንጀራዬ ጣቶቼ ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ አንዱን ቁልፍ ስነካ እጄ ሁለቴ ይነካዋል፤ «ውድ ወላጆች» ብዬ የጻፍኩት «ውድድ ወላጆች» ሆኖ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ «ወላጆችን ልናወዳድር ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ እጄን በሌላው እጄ ጨምቄ ያዝኩት። ይህንንም የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ስለዚህ ነገሬን ላስረዝመው አልፈልግም።

ማንን ልያዝ? ባሌ ካረፈ ቆይቷል። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አዳማ ነው ያገባችው፤ ያን ሰሞን አራስ ነበረች። አራስ ቤት ክፉ ወሬ ይዞ አይገባም፤ ወተቷ ይደርቃል ይባላል፣ እውነት ይሁን አይሁን እኔ አልሞክረውም። ቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሞልቶበታል፣ ደግ ሰው። ግን ለአንዷ ከተነፈስኩ እሑድ ጠዋት የጸሎት ርዕስ ሆኜ መድረክ ላይ እነበባለሁ። ጸሎቱን አልጠላሁትም፣ መነበቡን ነው። ድሮ ቢሆን ይህ ጥያቄ ሆኖም አይመጣም ነበር። ጥንዴን እይዛለሁ፣ በቃ። ጥንዴ ግን የለችም።

ጥንድ ስል ባልና ሚስት እንዳይመስላችሁ። ልጆች ሳለን እዚሁ ጉለሌ አንዲት መምህርት ነበሩ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው። ሰፈር ውስጥ ጧሪ የሌላቸውን አዛውንት ቤት ለቤት የሚያገለግል የሴት ልጆች ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ ረጅም ነበር፤ ሰፈሩ ግን የቅዳሜ ልጆች ብሎ ጠራን፣ የጸደቀውም እሱ ነው። ጴንጤው፣ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ ድብልቅ ነን። ሽሮ ሜዳ ያሠሯት አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ እንለብሳለን። እትዬ ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሩን፤ አንዱን የውኃ ጀሪካን ለሁለት በዱላ አንጠልጥለን ዳገቱን እንወጣለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ጥፍር እንቆርጣለን፣ ቤት እንጠርጋለን። የእኔና የጥንዴ አሮጊት «ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰብሩብኝ መጣችሁ?» እያሉ ነበር የሚቀበሉን። ጥንዴ ረጅም፣ እኔ አጭር፤ ጀሪካኑ ሁልጊዜ ወደ እኔ ይንሸራተትና ቀሚሴን ያረጥበዋል። ቁመታችን ነው ስላት «የለም፣ አንቺ ስለምትሮጪ ነው» ትለኛለች።

ሥራ ከመጀመራችን በፊትና ከጨረስን በኋላ እትዬ ስም ይጠራሉ። ታዲያ የተጠራችው ልጅ አይደለችም የምትመልሰው። ጥንዷ ናት «አለች» የምትለው። መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም፤ እያንዳንዳችን «አለሁ» ብለን በጓሮ በኩል ሹልክ እንል ነበር፤ እኔማ ዋነኛዋ ነበርኩ። እትዬ ሲነቁብን «ስለ ራሷማ ማንም አለሁ ትላለች፤ ስለ ጥንድሽ ንገሪኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጥንድሽ የት እንዳለች፣ በልታ ይሁን ሳትበላ፣ አሟት ይሁን አኩርፋ ሳታውቂ «አለች» ማለት ትልቅ ነውር ሆነ።

ነገሩ ከማኅበሩም አልፎ ደማችን ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ የሒሳብ መምህሩ ክፍል ውስጥ የጥንዴን ስም ሲጠራ እኔ «አለች!» ብዬ ጮህኩ፤ ያሾፍኩበት መስሎት ሁለታችንንም አንበረከከን። የሠርጌ ቀን ደግሞ ፓስተሩ ቃል ሊያስገባኝ ስሜን ሲጠራ፣ ሚዜ ሆና ከኋላዬ የቆመችው ጥንዴ ከአፏ አመለጣትና «አለች» አለች። ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ። ፓስተሩ ሰው ነው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለች» ብሎ ቀጠለ። ባሌ እስኪሞት ድረስ ያገባሁት አንቺን ነው ወይስ እሷን እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አድገን፣ ወልደን፣ ተበታትነንም በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ እንገናኛለን። እትዬ ካረፉ በኋላ ሰብሳቢያችን በእሳቸው ቅደም ተከተል በቃሏ ስም ትጠራለች። ጥንዴ የዛሬ ሦስት ዓመት ሞተች፤ ሕመሙ ችኩል ነበር፣ ከእኔ ይብስ። ከሞተች በኋላ በነበረው መገናኛችን ሰብሳቢያችን ስሟን ዘለለችው። ለምን ዘለልሻት ብዬ ቤቱን አመስኩት። በሚቀጥለው ዓመት ጠራቻት፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «የለችም» አልኩና ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ። አያችሁ፣ ቢጠሩም ጣጣ፣ ባይጠሩም ጣጣ። አሁን ስሟን አያነሱትም፤ የእኔ ሲደርስ ደግሞ እኔው ለራሴ «አለሁ» እላለሁ። በዚያ ሁሉ «አለች» መሃል ያቺ «አለሁ» ስትሰማ ጆሮ ትቆረቁራለች፤ እነሱም ያልሰሙ ይመስላሉ።

አንዲት ከእኔ ጋር የማትስማማ ሴት አለች፤ አዲሱ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላት። አባቷ ከወሎ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው። ባለሱቋ ቀስ ያለች ናት፤ አንድ ሜትር ጨርቅ ለክታ እስክትቆርጥ ሰው ያረጃል። ከልጅነታችን ጀምሮ እርጋታዋ ያሳክከኛል። የእሷ ጥንድ ድሬዳዋ ስለሆነች በየዓመቱ በስልክ ነው የምትገባው። ኔትወርኩ ይጎተታል፤ የባለሱቋ ስም ተጠርቶ፣ ዝም ተብሎ፣ ሌላ ስም ካለፈ በኋላ ከስልኩ ውስጥ «አለች! አለች!» የሚል ጩኸት ይመጣል፣ እኛም በሳቅ እንሞታለን። አምና ይቺው ሴት አጠገቤ መጥታ፣ የሟችን ቦታ ለመውሰድ ሳይሆን እንዲያው ስሜ ሲጠራ እሷ ብትልልኝ ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀችኝ። «ጥንድ ካልሲ አይደለም» አልኳት፣ «አንዱ ሲጠፋ በሌላ አይሞላም።» «እሺ» ብላ ሰሐን ማጠቧን ቀጠለች። አይ እሷ፣ ብትቆጣ እኮ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ መገናኛችን የዋለው ሐኪሙ ባለኝ ሐሙስና ሰኞ መሃል ባለችው ቅዳሜ ነው። ዓርብን ተርፌ መድረሴም ተአምር ነው። ጠዋት ቁም ሣጥኑን ገለበጥኩት፣ መልሼ ሳላስገባ መስኮት ማጠብ ጀመርኩ፣ መስኮቱን በሳሙናው ትቼ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። አዲሲቷን ነጠላ ጫፏን የምትቋጭልኝ ሰው ፍለጋ ነው፤ ድሮ እኔው ነበርኩ የምቋጨው፣ አሁን ክሩ ከጣቴ እያመለጠ ይስቅብኛል። ሱቅ ውስጥ ያለችው ልጅ ቁጭ በይ ብላ በርጩማ ሰጠችኝ። ቆሜ ጠበቅኋት። ቆማ የምትጠብቅ ደንበኛ ሥራ ታጣድፋለች መሰለኝ፣ አንዱን ጫፍ አጣምማዋለች።

ቅዳሜ ሰብሳቢያችን ቤት ገና ከበር ስገባ የተለመደው ትርምስ ነው። የቅዳሜ ልጆችን ጠርቶ ቁጭ በሉ ማለት ዘበት ነው። ዕድሜ ልካችንን ያገለገልን ሴቶች፣ መገልገል ማንም አያውቅበትም። ሳሎኑ ባዶ፣ ሶፋው ባዶ፣ ኩሽናው ውስጥ ግን መተንፈሻ የለም። አንዷ ያጠበችውን ብርጭቆ ሌላዋ ቆሽሾ መስሏት መልሳ ታጥበዋለች፤ አንዷ ወጡን ታማስላለች፣ ሌላዋ ማማሰያውን ትቀማታለች። የሰብሳቢያችን ባል በር ላይ ቆሞ «አስተናጋጅ እንጂ እንግዳ የሌለው ድግስ እዚህ ብቻ ነው ያየሁት» አለ፤ እሱንም ወንበር ላይ አስቀምጠው ሰሐን አስታቀፉት።

እኔ የመጣሁት አስቤ ነበር። አንዷን፣ ዝምተኛዋን አንዷን፣ ጥግ ወስጄ ሰኞ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ ልላት። ግን ማንን ጥግ ትወስዳለህ? ሁሉም እየሮጠ ነው። አንዷን ክንዷን ስይዛት ሽንኩርት አቀብዪኝ አለችኝ። ሌላዋ ስለ ልጇ ሠርግ ጀመረችልኝና ደስታዋን ማቆሸሽ አልሆነልኝም። ደግሞም ልጠይቅ በቀረብኩ ቁጥር አፌ ሌላ ነገር ያወራል፤ ስለ ታክሲ፣ ስለ ቲማቲም መወደድ። የሰው ልጅ ለሰው ለማድረግ ምንም አያፍርም፣ ለራሱ ለመጠየቅ ግን ምላሱ ይታሰራል። እኛ ቤት ለቤት ስንሄድ እነዚያ አሮጊቶች ለምን ይሰድቡን እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

እጄ ሥራ ሲፈታ ይብስበታልና የሻይ ትሪ አነሳሁ። ከኩሽና ሳልወጣ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ መንጫጫት ጀመሩ። በሁለት እጄ ጨመቅሁት፣ ባሰበት። ሻዩ ትሪው ላይ ፈሰሰ። ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። በዚህ መሃል ባለሱቋ ከፊት ለፊቴ መጣችና የትሪውን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። ጎን ለጎን ሆነን አንዱን ትሪ ለሁለት ተሸክመን ወደ ሳሎን ሄድን። እሷ ቀስ ስለምትል እኔም ቀስ አልኩ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም። ጠዋት ቁርስ አልበላሁም፣ ደሜ ወርዶ ነው አልኳት። ትሪውን አስቀምጠን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሄደች።

ከምሳ በኋላ እንደ ምንም ክብ ሠርተን ቆምን፤ ስም ሲጠራ ሁልጊዜም ቆመን ነው። ሁላችንም አረንጓዴ ጥለታችንን አድርገናል፤ ባለሱቋ ከሂጃቧ በላይ ደርባዋለች። ሰብሳቢያችን መጥራት ጀመረች። አለች። አለች። አለች። የባለሱቋ ስም ተጠራ፤ ስልኳን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ያዘች፣ ስልኩ ዝም አለ፣ እንደ ልማዱ ሰብሳቢያችን ሳትጠብቅ አለፈች። ቀጥሎ የጥንዴ ስም የነበረበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ቆም አለች። ከዚያ የእኔን ጠራች።

«አለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለ። እውነቴን ነው፣ አለሁ ማለት ውሸት ሆነብኝ። እጄ ነጠላው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ሁሉም ደግሞ በትዕግሥት መሬት መሬቱን ያያል። ያን ትዕግሥታቸውን መቻል አቃተኝ።

«ሰኞ ሰው ይዘሽ ነይ ተብያለሁ፣ ሆስፒታል» አልኩ። «ሰው የለኝም።»

ያኔ ነው እንግዲህ ያ የተረገመ ኔትወርክ የደረሰው። «አለች! አለች! ሰማችሁ? አለች!» ብላ ከድሬዳዋ ጮኸች። ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያለየለት ነገር አፈነኝ፣ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ባለሱቋ ስልኩን በቀስታ ወደ ታች አወረደችው።

«ቀጠሮሽ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ምን ሆንሽ አላለችም፣ ምን አሉሽ አላለችም። ሦስት ሰዓት መሆኑን ነገርኳት። ከዚያ በኋላማ ሁሉም ካልሄድኩ አለ፤ እኔ ተቆጣሁ። ለቅሶ ቤት አታድርጉት፣ ሐኪሙ አንድ ሰው ነው ያለው፣ እሷ ትበቃለች ብዬ ማልኩባቸው። እሺ አሉ። እነዚህ ሴቶች ቶሎ እሺ ሲሉ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሰኞ ጠዋት ባለሱቋ ሱቋን ዘግታ መጣች። ያን ሱቅ በሥራ ቀን ተዘግቶ ያየሁት አባቷ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ያለው አግዳሚ ጋ ስንደርስ ሰብሳቢያችን ተቀምጣለች። ዓይኗን ልትታይ እንደመጣች ነገረችኝ። ሌላዋ እግረ መንገዷን ነው፤ መንገዷ ግን በዚህ አያልፍም። ሦስተኛዋ ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛ፣ ጎረቤቷ እዚህ ተኝታለች አለች። አንዴም ጎረቤቷን ልታይ አልተነሳችም። ጥበቃው ወደ እኛ መጥቶ «ከእናንተ ታማሚዋ የትኛዋ ናት?» ሲል ሁሉም እኩል ተነሱ፤ ልማድ ነው፣ ሰው ሲመጣ መነሳት።

ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ። የግድግዳውን ማስታወቂያ አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ። ምሳ ዕቃ የያዘችው ብይ አለችኝ፣ አልበላም አልኳት። ሲስተሯ ከበሩ ብቅ እያለች ሰው ትጠራለች፤ የተጠራው ከያዘው ሰው ጋር ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። አንዲት ሴት ስትወጣ የያዘችው ልጅ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር። ውኃ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። ውኃ ባለሱቋ ይዛ ነበር፤ አላስታወሰችኝም።

በረንዳውን ወረድኩ፣ ግቢውን አቋረጥኩ። መጀመሪያ እውነት ለውኃ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ አልቆም አለ። ውጪ ሚኒባስ ቆሟል፣ ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። አንድ ሰው ነኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ብዘጋ፣ ያጠብኩትን መስኮት ደግሜ ባጥብ፣ ያላወቅሁት ነገር አይነካኝም ነበር። የማላውቀው በሽታ የእኔ አይደለም። የታክሲውን በር ያዝኩ፣ በዚያው በማይረባው እጄ።

ከኋላዬ ሲስተሯ ስሜን ጠራች። ግቢው ክፍት ነው፣ በደንብ ይሰማል። አልዞርኩም። ደግማ ጠራች፣ አሁን ከነአባቴ።

«አለች!»

ባለሱቋ ናት። ያቺ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ ገበያተኛ ሲሰድባት እንኳን በሹክሹክታ የምትመልስ። ዞርኩ። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀጥ ብሎ በሩ ላይ ነው፣ እኔ ላይ። እንግዲህ ከተነሳሁ ጀምሮ ስታየኝ ነበር። ጥንድሽ የት እንዳለች ሳታውቂ አይባልማ። ከጀርባዋ ሌሎቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

«የታለች ታዲያ?» አለቻት ሲስተሯ።

«አለች አልኩሽ እኮ። እየመጣች ነው።»

ረዳቱ «ማዘር፣ ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?» አለኝ። አልተናደድኩበትም፣ የታክሲውን በር ለቀቅሁለት። ባለሱቋ እውነቷን ነው፤ እየመጣሁ ነበር።